ከነግህ ጀምሮ በወይኑ ቦታ

በፈረንጆች አቆጣጠር በመጋቢት ወር 2000 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው) በሎስ አንጀለስ ከተማ በተከበረው 72ኛው የኦስካር ሽልማት በዓል፣ በመሪ ተዋናይነት ከታጩት አምስት ሰዎች መካከል አራቱ ስማቸው በዓለም የናኘ፣ መልካቸው በየመጽሔቱ ሽፋን የሚታይ፣ በጉልምስና ዕድሜ የሚገኙ ዝነኞች ሲሆኑ፣ አምስተኛው ግን 79 ዓመት የሞላቸው፣ ጢማቸው የነጣ፣ ከሕይወታቸው እኩሌታ የሚበልጠውን ዘመን ፊታቸውን ከካሜራ ሲሸሽጉ የኖሩ፣ ሪቻርድ ፋርንስዎርዝ የሚባሉ አረጋዊ ነበሩ። እስከዚያ ቀን ድረስ በዚያ ሽልማት ታሪክ በእንዲህ ያለ ዕድሜ ለመሪ ተዋናይነት የታጨ ሰው አልነበረም፤ ክብረ ወሰኑንም አንቶኒ ሆፕኪንስ በ83 ዓመታቸው ታጭተው እስኪወስዱት ድረስ ሃያ አንድ ዓመት ቆይቷል።

እንዲህ ያለ ሰው በተገኘ ጊዜ ጸሐፍት ሁሉ የሚቀናቸው አንድ አነጋገር አለ። ዘግይቶ ተጠራ፣ በሠርክ ጊዜ በራለት ይላሉ። በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ላደግን ሰዎችም ይህ ሲነገር ወዲያው ትዝ የሚለን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 ያለው ምሳሌ ነው፤ ይኸውም ባለቤቱ በአሥራ አንደኛው ሰዓት ወጥቶ በአደባባይ ሥራ ፈትተው የቆሙ ሰዎችን ወደ ወይኑ ቦታ እንደ ላከና፣ በመሸም ጊዜ ከማለዳ ጀምረው ከደከሙት ጋር በደመወዝ እንዳስተካከላቸው የሚናገረው ነው። ምሳሌው የቸርነት ምሳሌ ስለ ሆነ ሁልጊዜ ልብ ያሳርፋል፤ ለፋርንስዎርዝ ግን አይስማማም ባይ ነኝ። እሳቸው በአደባባይ ሥራ ፈትተው ቆመው አልተገኙም። ከነግህ ጀምረው በወይኑ ቦታ ውስጥ ነበሩ፤ የቀትሩን ሐሩር በራሳቸው ላይ አሳልፈዋል፤ ወይኑን ከረገጡት አንዱ ናቸው፤ ባለቤቱ ግን እስኪመሽ ድረስ ቀና ብሎ አላያቸውም። ስለዚህ የዘገየው የተመልካቹ ዓይን እንጂ የሠራተኛው መምጣት አይደለም፤ ዛሬ በዚህ ዓምድ ላስረዳ የምፈልገውም ይህንኑ ነው።

ፋርንስዎርዝ የተወለዱት በ1920 ዓ.ም. በዚያው በሎስ አንጀለስ ሲሆን፣ አባታቸውን በ7 ዓመታቸው በሞት አጥተው፣ አሜሪካን ባደቀቀው በታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ዘመን በእናታቸውና በአክስታቸው እጅ ያደጉ ልጅ ነበሩ። በ16 ዓመታቸው በአንድ የፖሎ መጫወቻ ሜዳ ጋጣ እየጠረጉና ፈረስ እያሻሹ በሳምንት 6 ዶላር ያገኙ በነበረበት ጊዜ፣ የፊልም ሰዎች ግልቢያ የሚያውቁ ጎረምሶች ፈልገው ወደዚያ ጋጣ መጡ። የቀረበላቸው ዋጋ በቀን 7 ዶላርና ምሳ ነበር። የስድስት ቀን ላብ በአንድ ቀን የሚያስገኝ ሥራ ለደኻ ልጅ ምን ማለት እንደ ሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም፤ ልጁ የጥበብ ፍቅር ጠርቶት ሳይሆን የእንጀራ ነገር ገፍቶት፣ በ1938 ዓ.ም. በታየው የማርኮ ፖሎ ፊልም ውስጥ ከሚጋልቡት የሞንጎል ፈረሰኞች አንዱ ሆኖ ተሰለፈ። ከዚያ በኋላ ለአርባ ዓመት ያህል ከፈረስ አልወረዱም፤ ወረዱም ቢባል በመውደቅ ነው።

እዚህ ላይ ስለ መውደቅ ጥቂት ማለት ይገባኛል፤ ምክንያቱም አብዛኛው ተመልካች በፊልም ላይ ሰው ከፈረስ ሲወድቅ ሲያይ፣ ከጥበብ ይልቅ ድፍረት ብቻ ያየ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ ነው። አስቀድሞ ፈረሱ ልጓሙ ወደ ጎን ሲሳብ አንገቱን አዙሮ በጎኑ እንዲተኛ በብዙ ትዕግሥት ይሠለጥናል። የሚወድቅበት መሬት ይቆፈራል፤ ድንጋዩ ይለቀማል፤ ለስላሳ አፈርና አሸዋ ይደለደልበታል፤ ከላይ ሲታይ ግን ከቀረው ሜዳ እንዳይለይ ሣርና አቧራ ይነሰነስበታል። ፈረሰኛው በሙሉ ግልቢያ ወደዚያ ቦታ ሲደርስ፣ ልጓሙን በሚስብበት በዚያው ቅጽበት እግሩን ከእርካቡ ማውጣት፣ ትከሻውን አስቀድሞ ለመሬት መስጠት፣ ከፈረሱ ሆድ ሥር እንዳይቀር ራሱን አርቆ መወርወር አለበት። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ደግሞ ካሜራው በየት በኩል እንደ ቆመ አይረሳም፤ ፊቱ ለአንድ ዐይነ ቅጽበት እንኳ ቢታይ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናልና። የሚወድቀው በሌላ ሰው ስም ነው፤ የሌላውን ባርኔጣ ደፍቶ፣ የሌላውን ሸሚዝ ለብሶ፣ በኮርቻ ላይ አቀማመጡን ሳይቀር የሌላውን አስመስሎ ነው። ሰው የራሱን መልክ ሸሽጎ በሌላ ሰው አካል መገኘቱ የተዋናይነት መጀመሪያ ካልሆነ፣ ሌላ ምን እንደሚሆን አላውቅም።

ፋርንስዎርዝ ይህን ሥራ የጀመሩት ደግሞ በጨካኙ ዘመን ነበር። በዚያን ጊዜ የፈረሱ የፊት እግሮች በቀጭን ሽቦ ይታሰሩና፣ እንስሳው በግልቢያ ላይ ሳለ ሽቦው ሲወጠር በድንገት በግንባሩ ይደፋ ነበር፤ በዚህ ዓይነት አንገታቸው የተሰበረ ፈረሶች ብዙ ናቸው። በ1939 ዓ.ም. የታየው «ጄሲ ጄምስ» የተባለው ፊልም ሲሠራ አንድ ፈረስ ከገደል ወደ ውኃ እንዲወረወር ተደርጎ በሞተ ጊዜ ሕዝቡ ተቆጣ፤ ከዚያም ወዲህ የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር ሰዎች በሥራው ቦታ እየተገኙ እንዲቆጣጠሩ ተወሰነ። ለፈረሶቹ ጠባቂ ተገኘላቸው ማለት ነው። ከፈረሶቹ ላይ ለሚወድቁት ሰዎች ግን በፊልሙ መጨረሻ ስማቸው እንኳ ሳይጻፍ ብዙ ዓመት አለፈ፤ እነርሱም ራሳቸውን ለማገዝ ሲሉ በ1961 ዓ.ም. ማኅበር ሲያቆሙ ከመሥራቾቹ አንዱ ፋርንስዎርዝ ነበሩ።

በእነዚያ አርባ ዓመታት ተዋናዩን ሮይ ሮጀርስን ሆነው ጋልበዋል፤ በ1948 ዓ.ም. በሃዋርድ ሆክስ «ሬድ ሪቨር» ፊልም በሞንትጎመሪ ክሊፍት ፈንታ ገብተዋል፤ በ1956 ዓ.ም. ሴሲል ደ ሚል ባዘጋጀው በ«አሥርቱ ትእዛዛት» ፊልም ደግሞ ሠረገላ ነድተዋል። ይህን የመጨረሻውን ስጽፍ ጥቂት ቆም አልኩ። ያን ፊልም በአገራችን ያላየው ሰው ጥቂት ነው፤ በጾም ጊዜ በቤተሰብ ተሰብስበን ያየነው፣ ሙሴ በትሩን ሲያነሣ እጃችንን በአፋችን የጫንነው ብዙዎች ነን። እንግዲህ ሪቻርድ ፋርንስዎርዝን ማንነታቸውን ሳናውቅ አይተናቸዋል ማለት ነው።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ይህ ሁሉ ዘመን ባክኖ የቀረ ነውን? ስለ እሳቸው የሚጻፈውን ስናነብ የምናገኘው ስሜት ይህ ነው፤ አርባው ዓመት ጨለማ፣ የኋለኛው ሃያ ዓመት ብርሃን ተደርጎ ይተረካል። እኔ ግን ፊልሞቻቸውን ደጋግሜ ባየሁ ቁጥር የኋለኛው ከፊተኛው የተቀዳ መሆኑን ነው የማስተውለው። በተዋናይነት ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ብዙ ጊዜ ፊቱን ያሠራል፤ ቅንድቡን ያነሣል፤ ከንፈሩን ያንቀጠቅጣል። ፋርንስዎርዝ ይህን አያውቁም ነበር። ፊታቸውን ለአርባ ዓመት በአርምሞ ስላኖሩት፣ በመጨረሻ ወደ ካሜራው ባዞሩት ጊዜ አንዳች የሚያታልል ነገር አልነበረበትም። ሲቀመጡ ይቀመጣሉ፤ ሲያዳምጡ ያዳምጣሉ። ሰውነታቸው ክብደትን፣ ሚዛንንና የሕመምን ቦታ ለይቶ ስለሚያውቅ፣ አንድ ሽማግሌ ከወንበር ለመነሣት ሲል መጀመሪያ እጁን በየት በኩል እንደሚያሳርፍ ከእሳቸው በተሻለ ያሳየ ሰው አላየሁም።

ፊታቸውን ወደ ካሜራው ያዞረው አለን ፓኩላ የተባለው አዘጋጅ ነው። በ1978 ዓ.ም. «ከምዝ ኤ ሆርስማን» በተባለው ፊልም፣ ጄን ፎንዳ የምትጫወታት ባለ ርስት ሴት መሬቷን ከነጣቂ ለመጠበቅ ስትታገል፣ ከጎኗ ሳይለይ የቆመውን ዶጀር የሚባለውን አረጋዊ ከብት ጠባቂ ለፋርንስዎርዝ ሰጠ። በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ወደ 60 ይጠጋ ነበር። ለደጋፊ ተዋናይነት ለኦስካር ታጩ፤ ሽልማቱ ለሌላ ሰው ቢሆንም፣ የፊልሙ ዓለም ይህን ፊት ከወዴት አመጡት ብሎ ተደነቀ። ከየትም አልመጣም፤ ሁልጊዜ እዚያው፣ ከመሪው ተዋናይ አንድ ክንድ ያህል ርቆ የቆመ ፊት ነበር።

ከሁሉ የበለጠ የምወደው ግን ከአራት ዓመት በኋላ በካናዳ የተሠራው «ዘ ግሬይ ፎክስ» ነው፤ ሽበታሙ ቀበሮ ማለት ነው። አዘጋጁ ፊሊፕ ቦርሶስ ገና 30 ዓመት ያልሞላው ወጣት ሲሆን፣ የመጀመሪያውን ረጅም ልብ ወለድ ፊልሙን በ62 ዓመት ሽማግሌ ትከሻ ላይ መጣሉ ማስተዋሉን ያሳያል። ታሪኩ በእውነት የነበረ የቢል ማይነር ታሪክ ነው። ይህ ሰው በፈረስ የሚጎተቱ የመንገደኛ ሠረገላዎችን እያስቆመ ሲዘርፍ ተይዞ፣ ፊልሙ እንደሚተርከው በሳን ክዌንቲን ወኅኒ ቤት 33 ዓመት ታስሮ፣ በ1901 ዓ.ም. ሲፈታ የሚያውቀው ዓለም አልጠበቀውም። ሠረገላ የለም፤ ከሠረገላም ጋር የሚያውቀው ሥራ አብሮ ጠፍቷል። ታዲያ አንድ ምሽት ወደ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ማሳያ ይገባና፣ በ1903 ዓ.ም. የተሠራውን የባቡር ዝርፊያ ፊልም ያያል። ካሜራው የሚያሳየን ግድግዳው ላይ የሚሮጡትን ሥዕሎች ብቻ አይደለም፤ የሚያየውን ሽማግሌ ፊት ነው። ዓይኖቹ ቀስ እያሉ ይበራሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ተመልካቹ አስቀድሞ ያውቀዋል። ሰውዬው ባቡር ሊዘርፍ ነው።

ነገሩ ኃጢአት መሆኑን አልዘነጋሁም፤ ፋርንስዎርዝ ሲጫወቱት ግን ወንበዴው እንዲያ ያለ ጨዋ፣ እንዲያ ያለ ባለ ትሕትና ሰው ይሆናል። የዘረፋቸውን ሰዎች ይቅርታ እየጠየቀ የሚሄድ ይመስላል። ሌላም ነገር አለ። ያ ፊት በዚያ ጨለማ አዳራሽ ውስጥ ሲበራ ስናይ፣ የምናየው ቢል ማይነርን ብቻ አይደለም፤ ሥራው ካረጀበት በኋላ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ሌላ ሥራ የሰጠውን ያንኑ ፈረሰኛ ነው። የካናዳ ሰዎች ይህ ገብቷቸው ይመስለኛል፤ በ1983 ዓ.ም. በአገራቸው ከፍተኛ ይባል የነበረውን የጂኒ ሽልማት ከውጭ አገር ተዋንያን መካከል ለእሳቸው ሰጧቸው።

ከዚያ ወዲህ ያሉትን ሥራዎች በአጭሩ ላልፍ እወዳለሁ። በ1985 ዓ.ም. ለቴሌቪዥን በተዘጋጀው «አን ኦፍ ግሪን ጌብልስ» ውስጥ፣ ወላጅ የሌላትን ቀይ ጠጉር ልጅ ከባቡር ጣቢያ የሚቀበለውን ዓይን አፋሩን ማቴዎስ ከዝበርትን ሆነዋል፤ ጸጥ ያለ ሰው ፍቅሩን እንዴት እንደሚገልጥ መማር የሚፈልግ ወጣት ተዋናይ ቢኖር ወደዚያ እልከዋለሁ። በ1990 ዓ.ም. «ሚዘሪ» በተባለው አስፈሪ ፊልም ውስጥ የትንሽ ከተማ ፖሊስ ሹም ሆነው፣ ከሹሙ ሚስት ጋር የሚለዋወጡት የሽማግሌዎች ነገር ፊልሙን ከጭንቀቱ ጥቂት ያሳርፈዋል። ከዚያ በኋላ በኒው ሜክሲኮ ክፍለ ሀገር ሊንከን በምትባል ቦታ ወዳለው እርሻቸው ገብተው፣ ሥራውን ወደ መተዉ አዘንብለው ነበር።

በዚህ መካከል ነው የአልቪን ስትሬት ታሪክ የመጣው። አልቪን ስትሬት በአዮዋ ክፍለ ሀገር ሎረንስ በምትባል ትንሽ ከተማ የሚኖሩ ጡረተኛ ሲሆኑ፣ የተወለዱት ልክ እንደ ፋርንስዎርዝ በ1920 ዓ.ም. ነው፤ ሁለቱን የሚለያያቸው የጥቂት ሳምንታት ዕድሜ ብቻ ነበር። በ1994 ዓ.ም. በጋ ወንድማቸው በጠና መታመሙን ሰሙ። ዓይናቸው ስለ ደከመ መንጃ ፈቃድ የላቸውም፤ በሌላ ሰው መኪና መጫንም አልወደዱም። ስለዚህ የ73 ዓመቱ ሰው አምስት ወይም ስድስት ኪሎ ሜትር እንኳ ሊሄዱበት ባልታሰበ፣ በጓሮ ሣር ለማጨድ በተሠራ ማሽን ላይ ተቀምጠው፣ ምግባቸውንና ማደሪያቸውን የጫነ ተሳቢ ከኋላው ቀጥለው፣ ወደ ዊስኮንሲን ጉዞ ጀመሩ። ርቀቱ 240 ማይል፣ ወይም ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ ደሴ ከሚያደርሰው መንገድ ጥቂት ቢያንስ ነው። ማሽኑ እየተሰበረ፣ ገንዘብ እያለቀ፣ ጉዞው ስድስት ሳምንት ያህል ፈጀ።

ፊልሙን የሠራው፣ እስከዚያ ድረስ በሚረብሹና ሕልም በሚያስቃዡ ሥራዎቹ የታወቀው ዴቪድ ሊንች መሆኑ ብዙ ሰው አስገርሟል። «ዘ ስትሬት ስቶሪ» በ1999 ዓ.ም. በካን የፊልም በዓል ሲቀርብ ተመልካች ያገኘው፣ ደም የሌለበት፣ ስድብ የሌለበት፣ ሕፃንም ሽማግሌም አብሮ ሊያየው የሚችል፣ በደረቱ ዕርቅ የተጻፈበት ሥራ ነበር። በፊልሙ ውስጥ ሁለቱ ወንድማማቾች ለአሥር ዓመት ያህል በቂም ተለያይተው ኖረዋል፤ አልቪን ከመሞታቸው በፊት፣ ወይም ወንድማቸው ከመሞቱ በፊት፣ ይህን ቂም ማውለቅ ይፈልጋሉ። መኪና ያለመያዛቸው ነገር የመንጃ ፈቃድ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ እየቆየ ይገባናል፤ ለዕርቅ የሚሄድ ሰው መንገዱን በራሱ ድካም ሊያልፈው ይገባል ብለው ያምናሉ። ሱባዔ የገባ ሰው ያውቀዋል ይህን ነገር።

አንድ ትርኢት ልንገራችሁ። አልቪን በመንገድ ካገኟቸው እኩያቸው ጋር ወደ አንድ መሸታ ቤት ይገባሉ፤ መጠጥ ስለ ተዉ ወተት ያዛሉ። ሁለቱም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአውሮፓ የተዋጉ ናቸው። ጎን ለጎን በባንኮኒው ተቀምጠው፣ ፊት ለፊት እንጂ እርስ በርስ ሳይተያዩ ያወራሉ። መጀመሪያ ያኛው ሽማግሌ ጓደኞቹ በዓይኑ ፊት እንዴት እንዳለቁ ይናገራል። ከዚያ አልቪን፣ ድምፃቸውን ከፍም ዝቅም ሳያደርጉ፣ በዒላማ ተኳሽነት ሲያገለግሉ በጭለማ የሚንቀሳቀስ ጥላ አይተው እንደ ተኮሱ፣ ሲነጋም የገደሉት ጠላት ሳይሆን የገዛ ክፍላቸው ቃፊር የነበረ፣ ሁሉ የሚወደው ልጅ ሆኖ እንዳገኙት ይተርካሉ። ሃምሳ ዓመት ለማንም ያልተነገረ ኑዛዜ ነው። ፋርንስዎርዝ ይህን ሲናገሩ አያለቅሱም፤ የወተቱን ብርጭቆ በሁለት እጃቸው ይዘው ጥቂት ያዞሩታል፤ አንድ ጊዜ ዓይናቸው ውኃ ይቋጥርና እዚያው ይቀራል። ሌላው ሽማግሌ አያጽናናቸውም፤ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ካህን በሌለበት ቦታ ንስሐ እንዴት እንደሚሰማ ከዚህ ትርኢት የተሻለ ያሳየኝ ፊልም የለም።

ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ደግሞ ታመው ነው። ካንሰር ወደ አጥንታቸው ዘልቆ እግሮቻቸውን እያሽመደመደ ነበር፤ በፊልሙ የምናያቸው ሁለቱ ምርኩዞች የገጸ ባሕርዩ ብቻ ሳይሆኑ የሰውዬውም ነበሩ። በ1998 ዓ.ም. መጸው ሊንች አልቪን ስትሬት በተጓዙበት በዚያው መንገድ፣ እንደ ታሪኩ ቅደም ተከተል ከሎረንስ ተነሥቶ እስከ መጨረሻው ሲቀርጽ፣ ፋርንስዎርዝ በዚያ ማሽን ላይ በየቀኑ እየተሳፈሩ ሄዱ። አልቪን ስትሬት በ1996 ዓ.ም. ዐርፈው ስለ ነበር ይህን አላዩም። አብሮ የደከመ ሌላም አረጋዊ አለ፤ ፊልሙን የቀረጹት ፍሬዲ ፍራንሲስ የተወለዱት በ1917 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ካሜራውን የያዙት እጆች ከፊቱ ከተቀመጠው ተዋናይ ይልቅ ያረጁ ነበሩ።

የታመመውን ወንድም የተጫወቱት ሃሪ ዲን ስታንተን ናቸው፤ እዚህ ላይ የአዘጋጁን ምርጫ አደንቃለሁ። ስታንተንም በወይኑ ቦታ የቆዩ ሰው ናቸው። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ወንበዴ፣ እስረኛ፣ የመርከብ ሠራተኛ እየሆኑ ከሰው ኋላ ቆመው ከኖሩ በኋላ፣ በ57 ዓመታቸው በቪም ቬንደርስ «ፓሪስ፣ ቴክሳስ» መሪ ተዋናይ ሆኑ፤ ያም ፊልም በ1984 ዓ.ም. በካን የወርቅ ዘንባባውን ወሰደ። በሊንች ፊልም የሚታዩት በመጨረሻዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው፤ የሚናገሩትም ቃል በጣት የሚቆጠር ነው። ነገር ግን ወንድማቸው የመጣበትን ማሽን አይተው ነገሩ ሲገባቸው የፊታቸው ሁኔታ እንዴት እንደሚለወጥ ማየት ያስፈልጋል። ሁለት ሰዎች፣ በጠቅላላው ሰባ ዓመት ሊሞላ የቀረበ የአጃቢነት ዘመን ተሸክመው፣ በአንድ በረንዳ ላይ ተገናኝተዋል፤ እንዲህ ያለውን ዝምታ ሁለት ዝነኛ ወጣቶች ቢሰጣቸው የሚሠሩበት አይመስለኝም።

እንግዲህ ወደ ተነሣሁበት ነገር ልመለስ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት ሰው በፋርንስዎርዝ ላይ ቢጠቅስ አልፈርድበትም፤ የሚያጽናና ነገር ነውና። የምቃወመው ግን ከማጽናናቱ ሥር የተደበቀውን ፍርድ ነው። ዝና ሲመጣ ያለፈው ዘመን ዋጋ አገኘ የምንል ከሆነ፣ ዝና ያልመጣላቸው ሰዎች ዘመን ዋጋ አልነበረውም ማለታችን ነው። ከፋርንስዎርዝ ጋር በአንድ ቀን፣ በአንድ ሜዳ፣ ከአንድ ዓይነት ፈረስ የወደቁ፣ ጎድናቸው የተሰበረ፣ ፓኩላ ግን ያልጠራቸው ብዙ ናቸው። ጥበባቸው ከእሳቸው ያነሰ አልነበረም ይሆናል። በየአገሩ ቴያትር ቤትም፣ በእኛም አገር ጭምር፣ ለሠላሳና ለአርባ ዓመት ዘበኛ፣ አሽከር፣ መልእክተኛ፣ የሠርግ ሽማግሌ እየሆኑ የሚወጡ ተዋንያን አሉ፤ መሪው ተዋናይ ቃሉን ሲረሳ በዘዴ የሚያስታውሱት፣ ወጣቱ ሲደነግጥ በዓይናቸው የሚያረጋጉት እነርሱ ናቸው። ጭብጨባው ለሌላው ይሁን እንጂ፣ ትርኢቱ በእነርሱ ላይ ቆሟል። ለእነዚህ ሰዎች ታገሡ፣ እናንተም አንድ ቀን ትጠራላችሁ ማለት ክብር አይደለም። ክብሩ ዛሬ ማታ፣ ያንን ሦስት ቃል ብቻ ያለውን ዘበኛ በሚጫወቱበት ጊዜ፣ ዓይን ሰጥቶ ማየት ነው። አዘጋጆችም ቢሆኑ ፊት በሚፈልጉ ጊዜ ወደ ሩቅ ከመሄዳቸው አስቀድሞ በገዛ መድረካቸው ጥግ የቆመውን ሰው ቢመለከቱ፣ እንደ ፓኩላ የሚያስደንቅ ነገር ያገኛሉ ብዬ አምናለሁ።

ፋርንስዎርዝ በዚያ የመጋቢት ምሽት ሽልማቱን አላገኙም። ሕመሙም ከሚሸከሙት በላይ እየሆነ ሄዶ፣ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር፣ በ80 ዓመታቸው፣ በሊንከን በሚገኘው እርሻቸው በገዛ እጃቸው ሕይወታቸው አለፈ። በዚህ ላይ የምፈርደው ፍርድ የለኝም፤ የሥጋ ሕመምን ልክ የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበል ዘንድ ከመለመን በቀር። ልጃቸው ዳይመንድ ፋርንስዎርዝ የአባቱን የፊተኛ ሙያ ይዞ፣ ራሱም እየወደቀ፣ ኋላም የሌሎችን አወዳደቅ እያዘጋጀ በቴሌቪዥንና በፊልም ሲሠራ ኖሯል።

የኦስካር አካዳሚ በ2025 ዓ.ም. አንድ ዜና አሰማ፤ በ2027 ዓ.ም. ከሚወጡት ፊልሞች ጀምሮ፣ የመውደቅ፣ የመጋለብና የመጋጨት ጥበብን ለሚያዘጋጁ ሰዎች ራሱን የቻለ ሽልማት ይሰጣል። የመጀመሪያው የሚሰጠው በ2028 ዓ.ም. በሚከበረው 100ኛው በዓል ላይ ነው። በዚያ መድረክ ላይ ከቀደሙት ሰዎች መካከል የሪቻርድ ፋርንስዎርዝ ስም ቢጠራ ደስታዬ ነው፤ የሚታየው ሥዕል ግን ሁሉ የሚያውቀው የሣር ማጨጃው ጉዞ ሳይሆን፣ በ«ሬድ ሪቨር» ውስጥ በሞንትጎመሪ ክሊፍት ባርኔጣ ሥር ፊቱን ሸሽጎ የሚጋልበው የ1948ቱ ፈረሰኛ እንዲሆን እመኛለሁ።